«መብራቱን አጥፋልኝ»፦ የጎጃም መንገድ በዳሽቦርድ ሲነበብ

ወደ ጋራዥ የሚገባ ባለመኪና ከሁለት አንዱን ይላል። አንዱ «ይቺን መኪና እስቲ እያት» ይላል። ሌላው «ይሄን መብራት አጥፋልኝ» ይላል። ሁለቱ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ስለ በሽታው ነው፤ ሁለተኛው ስለ ምልክቱ።

እኛ የምንለው እንዲህ ነው፦ በአሮጌ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የሚበሩት ቀይና ብርቱካናማ መብራቶች የየራሳቸው የትውልድ ዘመን አላቸው። እያንዳንዳቸውን «ማን ያነባቸዋል?» ብሎ የጠየቀ ሰው የጎጃምን መንገድ የአንድ ምዕተ ዓመት ታሪክ ያገኛል። ታሪኩ ግን ጥሩ ዜና ብቻ የለውም። መብራት የማጥፋት ዘዴው ገጠር ድረስ ገብቷል፤ መብራቱን የማንበብ ዕውቀት ግን እኩል አልገባም። ይህ ልዩነት ደግሞ ሰው ይገድላል።

መብራት ያልነበረበት ዘመን

መኪና ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ ለዐፄ ምኒልክ መኪና አደረሰ። ይህ የሸዋ ታሪክ ነው። ጎጃም ግን ዓባይ የሚባል ሸለቆ ከፊቱ ነበረና መኪናን ለማየት ብዙ ጠበቀ። በ1910ዎቹ መጨረሻ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የመጣው ቺዝማን ጣናንና ዓባይን ዞሮ ያጠናው በበቅሎና በእግር ነበር። ከፍኖተ ሰላም አለፍ ብላ ያለችውን ማንኩሳን አብዛኞቻችን የምናውቃት በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥም ሰው የሚጓዘው በእግሩና በበቅሎው ነው።

የበቅሎ ዘመን ሰው ማስጠንቀቂያ አያውቅም ማለት ግን አይደለም። በቅሎ ስታነክስ፣ ስታልብ፣ ጆሮዋን ስትጥል ባለቤቷ ያውቃል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት የተወለደው ከዳሽቦርድ በፊት ነው። ምልክት ማየትና ቶሎ መድረስ ለእኛ አዲስ ትምህርት አልነበረም። አዲሱ ነገር ምልክቱን የሚሰጠው ብረት መሆኑ ነው።

ጣሊያን ሄደ፣ ቃሉ ቀረ

መኪና በብዛት ወደ ጎጃም የገባው ከጣሊያን ወረራ ጋር ነው። ወራሪው ጦር ከተሞቹንና የመኪና መንገዱን ያዘ፤ አርበኛው ደግሞ ገጠሩን። ቡሬና ደምበጫ የጣሊያን ምሽጎች ነበሩ። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱና የጌዴዎን ጦር ከሱዳን በኩል ሲገቡ ዋና ማጓጓዣቸው ግመል ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ግመሎችም በዳገቱና በብርዱ አለቁ። በዚያው ዓመት የካቲት መጨረሻ ላይ የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። የቀድሞዋ ወጀትም ዛሬ የምትጠራው ፍኖተ ሰላም፣ «የሰላም መንገድ»፣ ተብላ ነው።

ጣሊያን ሲወጣ ካሚዮኑ፣ ጋራዡና ቃሉ ቀሩ። እስከ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ላይ መኪናው የተበላሸበት ሰው የሚናገረውን ልብ ብላችሁ ስሙ፦ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሬቻ፣ ቺንጋ፣ ካቻቢቴ፣ ክሪክ። ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ነው። በየዓመቱ መስታወት ላይ የምትለጠፈው ቦሎ ሳትቀር ጣሊያንኛ ናት።

አሁን ደግሞ የዳሽቦርዱን ቃላት ስሙ፦ ቼክ ኢንጂን፣ ሴንሰር፣ ኮድ፣ ሪሴት፣ ዲያግኖስቲክ። እነዚህ ሁሉ እንግሊዝኛ ናቸው። ብረቱን የተማርነው ከአንድ ዘመን፣ ኤሌክትሮኒክሱን ከሌላ ዘመን ነው። በሁለቱ መካከል ስንት አሥርት ዓመታት አሉ። የአብዛኛው የገጠር መካኒክ ዕውቀት ከጌታው ጋር ውሎ፣ መፍቻ አቀብሎ የወሰደው ስለሆነ በመጀመሪያው ዘመን ቋንቋ የተቀረጸ ነው። ይህን የምንለው ለመናቅ አይደለም። ያ ዕውቀት ባይኖር የጎጃም መንገድ ቆሞ ይቀር ነበር።

መንገዱ ራሱ ደግሞ ተራ መንገድ አይደለም። የዓለም ባንክ ለአፍሪካ አገር የሰጠው የመጀመሪያ ብድር በ1943 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የተሰጠው ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለአውራ ጎዳና ነበር። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ለአካባቢው ወጣቶች የብረታ ብረት፣ የኤሌክትሪክና የእርሻ መሣሪያ ሙያ ማስተማር ጀመረ። ነገር ግን ከአዲስ አበባ 387 ኪሎሜትር ርቃ ላለችው ፍኖተ ሰላም ዋናው ፈተና ያው የዓባይ ሸለቆ ሆኖ ቆየ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎሜትር ገደማ ነው። መኪናው ከ1,300 ሜትር በላይ ወርዶ፣ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ሲወርድ ፍሬኑ፣ ሲወጣ ራዲያተሩ ይፈተናል። በጃፓን እርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መገባደጃ ቢመረቅም ድልድይ ዳገት አያሳጥርም።

«የጅል መብራት»

የድሮ መኪኖች መብራት ሳይሆን ቀስት ነበራቸው። የዘይት ግፊት ስንት እንደሆነ፣ ዲናሞው ስንት እንደሚሰጥ ቀስቱ ያሳያል። ሾፌሩ ቀስቱን ያያል፣ ከትናንቱ ጋር ያወዳድራል፣ ይፈርዳል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሀድሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቀስቱን አንስቶ በምትኩ አምፖል አስገባ። ለዘይት አንድ፣ ለዲናሞ አንድ። ርካሽ ነው፣ ለማየትም ይቀላል። አሜሪካኖች ራሳቸው ግን «የጅል መብራት» ብለው ሰየሙት። ምክንያታቸውም ቀላል ነው፤ ቀስት ችግሩ ሲመጣ ያሳያል፣ መብራት ግን የሚበራው ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነው።

ይህ ነጥብ ዛሬም ሕይወት ነው። የዘይት መብራት የሚያሳየው የዘይቱን መጠን ሳይሆን ግፊቱን ነው። ሞተሩ እየሠራ ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ ግፊቱ ሊጠፋ ደርሷል ማለት ነው። «ደምበጫ ድረስ ልውሰዳት» የሚባልበት ጊዜ አይደለም። ሞተሩን አጥፍቶ ዘይቱን መለካት ነው። የፍሬን መብራት የሚበራው ደግሞ በሁለት ምክንያት ነው። ወይ የእጅ ፍሬን ተይዟል፣ ወይ የፍሬን ዘይት ወርዷል። ብዙ ሰው ዘይት ጨምሮ መብራቱ ሲጠፋ «ተስተካከለ» ይላል። ዘይቱ የወረደው ሸራው ወይም ፓዱ አልቆ ከሆነስ? ቱቦ እያፈሰሰ ከሆነስ? ዘይት መጨመር መብራቱን ያጠፋል እንጂ ያለቀ ሸራ አይተካም።

ከሁሉም በላይ የተናቀችው ግን የባትሪ መብራት ናት። በጎጃም መንገድ ላይ ብዙ ያገለገሉት የቶዮታ ሃይሉክስና «ዶልፊን» የምንላቸው ሃይኤስ የናፍጣ ሞተሮች ዘንድ፣ ለፍሬን ኃይል የሚሰጠው የቫኪዩም ፓምፕ የተገጠመው ከዲናሞው ጀርባ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ የባትሪ መብራት ይበራል። ሾፌሩ «ባትሪው አይሞላም፣ ስደርስ አሠራዋለሁ» ብሎ ይነዳል። እውነታው ግን የፍሬኑ አጋዥ ጉልበትም አብሮ ሄዷል። ብዙውን ጊዜ ያው ቺንጋ የውሃውን ፓምፕም ይዘውራል፤ ስለዚህ ሞተሩም መጋል ይጀምራል። ይህ ሁሉ በዓባይ ቁልቁለት ላይ ሲሆን ምን እንደሚከተል አንባቢ ይገምት። የመብራቷ ሥዕል ባትሪ ነው፤ ወሬዋ ግን የፍሬን ነው።

መቶ ሺህ የምትቆጥር መብራት

ከሁሉም የሚገርመን የላንድክሩዘር መብራት ናት። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውና «ዋን ኤችዜድ» የሚባለው የናፍጣ ሞተር በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶች ሀርድቶፕ መኪኖች ውስጥ አለ። ኮምፒውተር የሌለው ጠንካራ ሞተር ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ግን «ቲ-ቤልት» የምትል መብራት አለችው። ይህች መብራት ምንም አትለካም፤ የምትቆጥረው ኪሎሜትር ነው። ኪሎሜትሩ 100,000 ሲሞላ ትበራለች። መልእክቷም አንድ ነው፦ «ታይሚንግ ቺንጋውን ቀይሩ።»

ቺንጋው ከተቀየረ በኋላ መብራቷ ወደ ዜሮ ትመለሳለች። በአንዳንዶቹ ሞዴሎች ከኪሎሜትር መቁጠሪያው ጀርባ ያለች ትንሽ ቡሎን ነቅሎ ቦታዋን መለወጥ፣ በሌሎቹ ደግሞ የጎማ ውታፍ አንስቶ በቀጭን ነገር መጫን ይበቃል። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ቺንጋውን መቀየር ግን ገንዘብ፣ መለዋወጫና ጊዜ ይፈልጋል። ምን እንደተፈጠረ መገመት ቀላል ነው። አሥር ደቂቃው ተማረ፤ ቺንጋው ተረሳ። መብራቷ ጠፍታ የምትነዳ መኪና አንድ ቀን ቺንጋዋ ይበጠሳል፣ ፒስተን ቫልቭ ይመታል፣ ቴስታታው ይወርዳል። የተቆጠበው የቺንጋ ዋጋ፣ የተከፈለው የሞተር ዋጋ!

ከእሷ ጎን ደግሞ በናፍጣ ማጣሪያው ውስጥ ውሃ ሲጠራቀም የምትበራ መብራት አለች። ናፍጣ በበርሜልና በጀሪካን በሚዞርበት አካባቢ ይህች መብራት ብዙ ሥራ አላት። መድኃኒቷ ቀላል ነው፦ ከማጣሪያው ሥር ያለውን መክፈቻ ፈትቶ ውሃውን ማፍሰስ፣ መዝጋት፣ በእጅ ፓምፕ ማድረግ። በነፃ የሚሠራ ሥራ ነው። የተናቀ እንደሆነ ግን ውሃው ውድ የሆነውን የናፍጣ ፓምፕ ያበላሻል።

መኪናው ማስታወስ ሲጀምር

የኮምፒውተሩ ዘመን ከአሜሪካ የጭስ ሕግ ጋር የተያያዘ ነው። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1981 በኮምፒውተር የሚቆጣጠር ሞተርና «ቼክ ኢንጂን» መብራት በአሜሪካ መኪኖቹ ላይ በሰፊው አስገባ። ካሊፎርኒያ ቀጥላ መኪና ራሱን እንዲመረምር አስገደደች። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት መሰኪያና አንድ ዓይነት የኮድ ቋንቋ እንዲኖረው ሆነ። መብራቷ የተፈጠረችው ለጭስ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የደረሰችው ከሕጉ ተለይታ፣ ባገለገለ መኪና ተሳፍራ ነው።

በእኛ መንገድ ላይ ይህን ዘመን ያመጡት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩት የቶዮታ ኮሮላዎች ናቸው። ካርቡራተር ያለው ዲኤክስ ኮሮላ የሚያስታውሰው ነገር አልነበረም። ተከታዩ ግን ማስታወሻ ያለው ሆነ። ደስ የሚለው ነገር እነዚህን መኪኖች ለማንበብ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንዲት አጭር ሽቦ ትበቃለች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮፈኑ ሥር ክዳኑ ላይ «ዲያግኖሲስ» የሚል የፕላስቲክ ሳጥን አለ። በውስጡ «ቲኢ-1» እና «ኢ-1» የሚሉ ቀዳዳዎች አሉ። ሁለቱን በሽቦ ታገናኛላችሁ፤ ሞተር ሳታስነሱ ቁልፉን ትከፍታላችሁ፤ ከዚያ የቼክ ኢንጂኗን ብልጭታ ትቆጥራላችሁ። ሳታቋርጥ በእኩል ፍጥነት ብልጭ ድርግም ካለች የተመዘገበ ችግር የለም። ሁለት ጊዜ ብልጭ ብላ፣ ትንሽ ቆይታ፣ እንደገና ሁለት ጊዜ ካለች ቁጥሩ 22 ነው፤ የውሃ ሙቀት ሴንሰር መስመር ማለት ነው። 21 የኦክሲጅን ሴንሰር፣ 31 የአየር መለኪያው፣ 41 የስሮትል ሴንሰር፣ 42 የፍጥነት ሴንሰር ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ኮድ 22 «ሴንሰሩን ግዙ» ማለት አይደለም። «በዚህ መስመር ላይ ችግር አለ» ማለት ነው። የተቆረጠ ሽቦ፣ የዛገ መሰኪያ፣ አይጥ የበላው ገመድ ሊሆን ይችላል። ኮዱ ሰፈሩን ይነግራል እንጂ ቤቱን አይነግርም። ቤቱን የሚያገኘው መካኒኩ ነው፤ ያ የድሮ ዓይንና ጆሮ እንደገና የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

ችግሩ ከተስተካከለ በኋላ ማስታወሻው ይጠፋል። ቁልፉን ዘግቶ «ኢኤፍአይ» የሚለውን ፊውዝ ለግማሽ ደቂቃ ያህል መንቀል፣ መመለስ፣ ነድቶ መብራቷ ተመልሳ መምጣት አለመምጣቷን ማየት። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መጠገን፣ ማጥፋት፣ መፈተን። ብዙ ቦታ ግን የቀረው አራተኛው ብቻ ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅሎ መመለስ እንደ ጥገና ተቆጥሮ ይከፈልበታል። መብራቷ በሦስተኛው ቀን ስትመለስም «ሴንሰሩ አበደ» ይባላል።

ስለ እብደት ካነሳን፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ነገሩ ሁሉ እየፈረሰ መሆኑን ቀድሞ የሚናገረው ጉዱ ካሳ ነበር። አካባቢውም እብድ ብሎ ስም አወጣለት። ማስጠንቀቂያውን ከመስማት ይልቅ አስጠንቃቂውን ማሳበድ ለእኛ ከመኪናም የቆየ ልማድ ነው።

ማጥፋት ንግድ ሲሆን

የዚህ ሁሉ መጨረሻ ገበያው ላይ ይታያል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት መንገዱ በተደጋጋሚ ተዘግቷል፤ መለዋወጫም እንደ ድሮው አልደረሰም። ውጤቱ ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ መኖሩ ነው። ሲሸጥ ደግሞ መብራት የሌለበት ዳሽቦርድ ዋጋ ያወጣል።

ስለዚህ አምፖሉ ይነቀላል። የዘይት ግፊት ማብሪያው ሽቦ ይቆረጣል፤ በዚህ ዓይነቱ መስመር ሽቦው ሲቆረጥ መብራቷ ለዘላለም ትጠፋለች። አሮጌ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ብቻ ያዙ፦ ሞተር ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱ። የዘይት፣ የባትሪና የቼክ ኢንጂን መብራቶች መብራት አለባቸው። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ መጥፋት አለባቸው። ቁልፍ ሲከፈት ያልበራ መብራት ጤና አይደለም፤ አፉ የተለጎመ ምስክር ነው። አዲሱ መሰኪያ ላላቸው መኪኖች ደግሞ ስካነር የያዘ ባለሙያ የራስ ምርመራዎቹ ተጠናቀው እንደሆነ ይይ። ሁሉም «አልተጠናቀቀም» ካሉ ማስታወሻው ሰሞኑን ተጠርጓል ማለት ነው።

በየዓመቱ ለቦሎ የሚደረገው ምርመራም በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ሕግ ሆኖ ተቀምጧል። ፍሬንና መብራት ማየት አንድ ነገር ነው። የዳሽቦርዱ መብራቶች ቁልፍ ሲከፈት መብራታቸውን ማየት ግን መሣሪያም ወጪም የማይጠይቅ፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ይህች አንድ ደቂቃ የየትኛውም ምርመራ መጀመሪያ እንድትሆን እንጠይቃለን።

ደብተር

የታሪክ ሰው መዝገብ ሲቃጠል ያዝናል። የመኪናው ኮምፒውተር ትንሽ መዝገብ ነው፤ ፊውዝ በተነቀለ ቁጥር ይቃጠላል። ማቃጠሉ አንዳንዴ ግድ ነው። ሳይገለብጡ ማቃጠል ግን ግድ አይደለም።

ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬ፣ ለደምበጫና ለጅጋ ጋራዦች የምናቀርበው ሐሳብ ርካሽ ነው፤ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ። የመኪናው ታርጋ፣ ቀኑ፣ ኪሎሜትሩ፣ የታየው ቁጥር፣ የተገኘው ችግር፣ የተሠራው ሥራ። ታይሚንግ ቺንጋ ሲቀየር ኪሎሜትሩን ጽፎ ኮፈኑ ውስጥ መለጠፍ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ ደብተር የትኛው መስመር በየትኛው መኪና ላይ እንደሚበላሽ፣ በአቧራችንና በዳገታችን ምን ቶሎ እንደሚያልቅ የሚናገር የአገር ልጅ መጽሐፍ ይሆናል። ረዳቱም ከመፍቻው ጋር የሚወርሰው ነገር ያገኛል።

ባለመኪናውም ቋንቋውን ይቀይር። «መብራቱን አጥፋልኝ» የሚለው ቀርቶ «መብራቱ ምን አለ?» ይበል። መካኒኩ ቁጥሩን ጽፎ ካላሳየው በቀር ፊውዙን አያስነቅል።